ባል ሥራ ሲያጣ የነፍሰ ጡሯ ሕክምና በማን እጅ ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ በጅዳ፣ በመካና በአካባቢው በሰው ቤት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጤና መድን ነው፤ እናንተ ዘወትር «ተእሚን» የምትሉት ማለት ነው። በተለይም አንድ ጥያቄ እንመለከታለን። ባል ሥራውን ቢያጣ፣ ወይም ሚስት ከማዳሟ ቤት ብትወጣ፣ ሚስትም ነፍሰ ጡር ብትሆን የሐኪም ቤቱን ወጪ ማን ይችላል? መካ ከተማ ለሙስሊሞች ብቻ የተፈቀደች በመሆኗ በዚያ የምትሠሩት ሙስሊም እህቶቻችን እንደሆናችሁ እናውቃለን። ምጥም ሆነ ኢቃማ ሃይማኖት አይለይምና ይህን ገጽ እንደ ራሳችሁ አድርጋችሁ አንብቡት።

የትምህርቱን ፍሬ ነገር አስቀድመን እንናገር። በሳዑዲ ዓረቢያ የጤና መድን ሰውየው ይዞት የሚዞር ሀብት አይደለም፤ ከሥራውና ከኢቃማው ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ሥራ በቆመበት ዕለት ሁለት ነገር መቁጠር ይኖርበታል፤ የኢቃማውን ቀንና የእርግዝናውን ሳምንት። ሁለቱን አስቀድሞ የቆጠረ ሰው ጊዜ አለው፤ ያልቆጠረ ግን ውሳኔውን ለምጥ ሰዓት ያስተላልፈዋል።

፩. ከቅዱስ ወንጌል የምንማረው

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጻፈውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለ ሰውየው ርኅራኄ ብዙ ጊዜ እንሰብካለን፤ ስለ ሂሳቡ ግን እምብዛም አናነሣም። ሳምራዊው ቁስለኛውን ወደ እንግዶች ማደሪያ ካደረሰ በኋላ በማግስቱ ለባለቤቱ ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ወጪው ከዚያ ቢበልጥም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። ማለትም ለታወቀው ወጪ ገንዘብ አስቀመጠ፤ ላልታወቀው ደግሞ ዋስ ሆነ። ፍቅር እንባ ብቻ አይደለም፤ ነገን አስቦ ሂሳብ ይሠራል።

መድን ማለትም ይኸው ነው። በአገራችን ያለው እድር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ሰው በደኅናው ቀን ጥቂት ጥቂት ያዋጣል፣ በክፉ ቀን ግን ብዙ ሰው ይደርስለታል። ልዩነቱ የእድሩ አባል ሥራ ቢፈታም መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ አባል ሆኖ መቆየቱ ነው። የሳዑዲው ተእሚን ግን መዋጮውን የሚከፍለው አሠሪው ስለሆነ አሠሪው ሲለወጥ ይለወጣል።

፪. መድኑ ማንን ይሸፍናል?

የሳዑዲ ዓረቢያ የጤና መድን ሕግ የወጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የግል ድርጅት ለሠራተኛውና በሠራተኛው ኢቃማ ሥር ለተመዘገቡ ቤተሰቦቹ መድን ይገባል። ክፍያው የአሠሪው ግዴታ እንጂ ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጥ አይደለም።

የቤት ሠራተኞች ግን ለብዙ ዓመታት ከዚህ ውጭ ነበሩ። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስሙ ከ4 በላይ የቤት ሠራተኞች የተመዘገቡለት አሠሪ የጤና መድን እንዲገባላቸው ታዝዞአል። በአብዛኛው ቤት የሚሠሩት አንዲት ወይም ሁለት እህቶች ስለሆኑ ይህ ትእዛዝ ብዙዎቻችሁን አይደርስም። የቤት ሾፌርም ከቤት ሠራተኛ ስለሚቆጠር ነገሩ እርሱንም ይመለከተዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንዳታምታቱ። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሙሳነድ በኩል በሚፈረም አዲስ ውል ላይ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚገባ መድን አለ። ይህ የውል መድን ነው፤ የሕክምና ተእሚን አይደለም። «በሙሳነድ ተእሚን አለኝ» ብላችሁ ለወሊድ የምትተማመኑ ካላችሁ ከአሁኑ አጣሩ።

በዚህ መሠረት ነፍሰ ጡር እህቶቻችንን በሦስት ወገን ከፍለን እንያቸው። አንደኛዋ በባሏ ኢቃማ ሥር የተመዘገበች ናት። ሁለተኛዋ ባል ቢኖራትም በራሷ ካፊል ሥር በቤት ሠራተኝነት የተመዘገበች ናት። ሦስተኛዋ ኢቃማዋ የተቃጠለ ወይም ሁሩብ የተመዘገበባት ናት። ምክሩ ለሦስቱም አንድ አይደለም።

፫. በባሏ ኢቃማ ሥር ያለች ሚስት

ባል በኩባንያ ይሠራል፤ ሚስት በእርሱ ስም ተመዝግባለች፤ በኩባንያው ተእሚን ትታከማለች እንበል። ኩባንያው ባልን ቢያሰናብተው የሚስትየው መድን የባሏን ይከተላል። ሆኖም በተሰናበተበት ቀን ማታ ይቋረጣል ማለት አይደለም። በደንቡ መሠረት አሠሪው ሠራተኛውን ከመድን ዝርዝር የሚያወጣው ሠራተኛው በመጨረሻ መውጫ (ኹሩጅ ኒሃዪ) አገር ሲለቅ ወይም በነቅል ከፋላ ወደ ሌላ አሠሪ ሲዛወር ነው። ከተዛወረ አዲሱ አሠሪ መድን የመግባት ግዴታ አለበት። የመድኑ ዘመን እስኪያልቅ ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶት ከሆነ ግን ያ ቀን ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ በወሬ አትመሩ፤ በኢቃማ ቁጥራችሁ በጤና መድን ምክር ቤት ድረ ገጽ መድኑ የሚያበቃበትን ቀን ማየት ይቻላል። በስልክ 920001177 መጠየቅም ይቻላል።

ሁለተኛው ቆጠራ የ60 ቀኑ ነው። ሠራተኛው ከሥራ የተቋረጠ ተብሎ ከተመዘገበ በኋላ ወደ ሌላ አሠሪ ለመዛወር ወይም ለመውጣት ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። ይህም 8 ሳምንት ከ4 ቀን ማለት ነው። በሌላ በኩል አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ነፍሰ ጡርን ያለ ሐኪም ወረቀት አያሳፍሩም፤ ከ36ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ ጨርሶ አይቀበሉም። መንታ ከሆነ ጊዜው ከዚህም ያጥራል። እንግዲህ ሁለቱን ቆጠራዎች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

ባል ሥራውን ባጣበት ዕለት ሚስት በ26ኛው ሳምንት ላይ ብትሆን 60ው ቀን ሲያልቅ ገና 34ኛውን ሳምንት አልፋ ጥቂት ቀን ይሆናታል፤ አዲስ ሥራ ፈልጎ ባይሳካ እንኳ በአውሮፕላን መሄድ ትችላለች። በ30ኛው ሳምንት ላይ ከሆነች ግን ለጉዞ የቀራት 6 ሳምንት፣ ማለትም 42 ቀን ብቻ ነው፤ 60ውን ቀን ሙሉ ልንጠብቅ ብንል መሳፈሪያው ያመልጣታል። በ33ኛው ሳምንት ላይ ከሆነች የቀራት 21 ቀን ነው። ከዚያ ካለፈ ደግሞ እዚያው እንደምትወልድ አውቆ ገንዘቡንና ሐኪም ቤቱን ማዘጋጀት ይሻላል።

ለባሎች አንድ ቃል አለን። ሥራ ማጣት ኀፍረት ሆኖባችሁ ከሚስታችሁ የምትደብቁ አላችሁ። ጠዋት እንደ ልማዳችሁ ለብሳችሁ ትወጣላችሁ፤ ማታ ትመለሳላችሁ፤ እርሷ ተእሚኗ እንዳለ አስባ ክትትሏን ለሚቀጥለው ወር ታስተላልፋለች። በዚህ ዓይነት የሚባክነው ከዚያው ከ60 ቀን ላይ ነው። ጻድቁ ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ወደ ግብፅ ይዞ የተሰደደው ሌሊቱ እስኪነጋ ሳይጠብቅ ነበር። እናንተም ሥራው በቆመ ዕለት ማታ ለሚስታችሁ ንገሩ፤ መድኑ ሳያልቅም በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪም ውሰዷት፤ የደምና የአልትራሳውንድ ምርመራዋን አስጨርሱ፤ የውጤቱን ወረቀት ቅጂ ጠይቃችሁ ያዙ። አዲስ አሠሪ ካገኛችሁም ከመፈረማችሁ በፊት «ቤተሰቤን ይሸፍናል? የጀመረውን እርግዝና ይጨምራል? ለወሊድ ጣሪያው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የቤተሰብ ክፍያውንም አትዘንጉ። ከሐምሌ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግል ድርጅት የሚሠራ የውጭ አገር ሰው በስሙ ለሚኖር ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በወር 100 ሪያል እንዲከፍል ተደርጎ፣ በየዓመቱ እየጨመረ በ2020 ወደ 400 ሪያል ደርሶአል። ይህ ሳይከፈል ኢቃማ አይታደስም። ስለዚህ ሥራ ያጣ ሰው የቁጠባ ገንዘቡን ሲደለድል ይህንንም ይጨምር።

፬. በራሷ ካፊል ሥር የምትሠራ ነፍሰ ጡር

ባሏ በኩባንያ የሚሠራና ተእሚን ያለው ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሚስት በእርሱ ኢቃማ ሥር ካልተመዘገበች የእርሱ መድን እርሷን አይሸፍንም። ጋብቻው በእግዚአብሔር ፊት የጸና ቢሆንም በመድኑ መዝገብ ላይ ሁለቱ ባዕዳን ናቸው። ይህን ሳያውቁ በምጥ ሰዓት ሐኪም ቤት የሚደርሱ ባልና ሚስት ሂሳቡን ከኪሳቸው ይከፍላሉ።

ሌላም አለ። በሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ የወሊድ ፈቃድ ከየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ 12 ሳምንት ሆኖአል። ይህን ሰምታችሁ ደስ ብሎአችሁ ይሆናል፤ ሆኖም ዋናው የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አይጨምርም። የእናንተ ጉዳይ የሚታየው ለቤት ሠራተኞች በተለየ ደንብ ነው፤ የቀድሞው በ2013 የወጣ ሲሆን አዲሱ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። «12 ሳምንት መብቴ ነው» ብላችሁ ማዳም ፊት ብትቆሙ አያዋጣም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ውላችሁን አውጡና ስለ ሕክምና የሚለውን አንብቡ፤ ካልገባችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ለሚያነብላችሁ አሳዩ። ሁለተኛ፣ የጋብቻ ወረቀታችሁን ሳትይዙ ስለ እርግዝናው ለአሠሪ አትናገሩ። ሦስተኛ፣ ወረቀቱ ካለ ግን ሆድ እስኪገፋ አትጠብቁ። በአምስተኛው ወር ፈቃድ ወይም ኹሩጅ የጠየቀች እህት ደመወዟን ተቀብላ፣ ትኬቷን ቆርጣ፣ በሰላም ለመሄድ ጊዜ አላት፤ በስምንተኛው ወር የጠየቀች ግን አየር መንገዱም አሠሪውም በር ይዘጉባታል። ደመወዝ ከተያዘባችሁ የሰው ኃይል ሚኒስቴር የስልክ ቁጥር 19911 ነው። አራተኛ፣ ተናዳችሁ ከቤት አትጥፉ። ሁሩብ ከተመዘገበባችሁ ቀላሉ ነገር ሁሉ ይከብዳል።

፭. ወረቀት የሌላት እህት

እዚህ ላይ በጥንቃቄ እንናገራለን፤ ማንንም ለመውቀስ አንጽፍም። በሳዑዲ ሕግ ከጋብቻ ውጭ መፀነስ በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። ሐኪም ቤቶችም ለወሊድ ሲመዘግቡ የጋብቻ ወረቀት ይጠይቃሉ። በቤተ ክርስቲያን፣ በኒካሕ ወይም በሽማግሌ ተጋብታችሁ ወረቀት ያላወጣችሁ ብዙ ናችሁ። የአገራችን የቤተሰብ ሕግ (በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው አዋጅ 213) በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመን ጋብቻ ይቀበላል። በውጭ አገር ያሉ የኢትዮጵያ ሚሲዮኖችም የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ያካሂዳሉ። ስለዚህ ከእርግዝናው በፊት፣ ካለፈም በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ በጅዳ ወዳለው ቆንስላ ጽሕፈት ቤታችን ሄዳችሁ ስለ ጋብቻ ምዝገባ ጠይቁ።

ኢቃማ የሌላት እህት መታሠርን ፈርታ ሐኪም ቤት መሄድ ትተዋለች። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ባለው በሹመይሲ ማቆያ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት የያዙ ኢትዮጵያውያን እናቶች ተይዘው እንደነበር የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ዘግበዋል። በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. የሁለቱ አገሮች መንግሥታት 100 ሺህ ገደማ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው ለመመለስ ተስማምተው ነበር። ነገር ግን ፍርሃት ምጥን አያስቆምም። በጓዳ ተደብቆ መውለድ እናትንም ሕፃንንም ሊያሳጣ ይችላል፤ ለማስወረድ የሚሸጥ የማይታወቅ ክኒን ደግሞ ደም አፍስሶ ይገድላል። በጊዜው ወደ ቆንስላው ማመልከትና በሊሴ ፓሴ ወደ አገር መግባት ከሁሉ ይሻላል። ምጡ ከቀደመ ግን ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። ከእስር ይወጣል፤ ከመቃብር ግን አይወጣም።

፮. አደጋ ሲመጣ

የሚከተሉት ሲታዩ «ተእሚን አለ ወይስ የለም» ብሎ መከራከር አይገባም፤ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ያለ ጊዜው የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ መቀነስ። ለአምቡላንስ 997፣ በመካ ክልል ደግሞ ጅዳን ጨምሮ 911 ይደወላል። የግል ሐኪም ቤትም ቢሆን ድንገተኛ አደጋ የደረሰበትን ሰው አስቀድሞ ገንዘብ ሳይጠይቅ የመቀበል ግዴታ አለበት። የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴርም ሐኪም ቤቶች በሂሳብ ምክንያት ታካሚን፣ አራስ ሕፃንን ወይም አስከሬንን እንዳይዙ ከልክሎአል። «ገንዘቡን ካላመጣችሁ ሕፃኑን አንሰጥም» ከተባላችሁ በ937 ለሚኒስቴሩ አመልክቱ። ዕዳው ግን በዚህ አይሰረዝም፤ በየወሩ ለመክፈል ተነጋግራችሁ የስምምነቱን ወረቀት ያዙ።

፯. በቦርሳ ውስጥ የሚቀመጥ

ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት እነዚህን በአንድ ፌስታል ያኑር፤ የፓስፖርትና የኢቃማ ቅጂ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የክትትልና የምርመራ ውጤቶች፣ የደም ዓይነት የተጻፈበት ወረቀት፣ የሥራ ውል፣ ከሥራ የተሰናበቱበት ደብዳቤ ቀኑ የተጻፈበት፣ የአንድ ቅርብ ሰው ስልክ። ፓስፖርታችሁን ካፊሉ ይዞት ከሆነ ቢያንስ ፎቶው በስልካችሁ ይኑር፤ ያንኑ ፎቶ ለአንዲት የምታምኗት እህት ላኩ።

፰. አገር ቤት መግባት ሽንፈት አይደለም

ብዙ እህቶች «ባዶ እጄን፣ ሆዴን ገፍቼ እንዴት እገባለሁ?» ይላሉ። እስቲ ሂሳቡን እንየው። በአገራችን በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ የሕፃናት ክትባትም እንዲሁ። በ2011 እ.ኤ.አ. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ዛሬ በብዙ ወረዳዎች አለ። ይህ መድን የሚመዘገበው በቤተሰብ ነው፤ መዋጮው በዓመት ይከፈላል፤ ከአሠሪም ሆነ ከኢቃማ ጋር አይታሰርም። ወላጆቻችሁ አባል መሆናቸውን፣ ካልሆኑም ምዝገባው መቼ እንደሚከፈት ከአሁኑ በስልክ ጠይቁ።

ስለ ልጁም አትስጉ። በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው የዜግነት አዋጅ ከእናቱ ወይም ከአባቱ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑለት ልጅ የትም ቢወለድ ኢትዮጵያዊ ነው። ልደቱን ግን በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ይገባል። እዚያው ሳዑዲ ከተወለደ የሐኪም ቤቱን የልደት ወረቀት ሳትቀበሉ አትውጡ፤ የልጁ የመጀመሪያ ማስረጃ እርሱ ነው።

፱. የራሳችንን ሁለት ዲናር እናዘጋጅ

ሕጉ ያልደረሰበትን ክፍተት የምንሞላው እኛው ነን። በየሰፈሩ የምትገናኙ አሥር እህቶች በወር 20 ሪያል ብታዋጡ በወር 200፣ በዓመት 2,400 ሪያል ይሆናል። ይህ ለአንዲት እህት የክትትል ምርመራና የትኬት መነሻ ይሆናል። ገንዘቡ በሁለት ሰው እጅ ይሁን፤ በደብተር ይጻፍ፤ ለማንና ለምን እንደሚወጣ አስቀድማችሁ ተስማሙ። እድራችን ለቀብር ብቻ መሆኑ ይብቃ፤ ለሚወለድም ይሁን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሳምራዊው ለእንግዳ ማደሪያው ባለቤት ገንዘብ ከመስጠት ሌላ ምን ቃል ገባ? እኛስ ለአንዲት እህት ዋስ የምንሆነው በምን በምን ነው?
2. በእናንተ ውል ላይ ስለ ሕክምና ምን ተጽፎአል? ተእሚን ካላችሁ የሚያበቃው መቼ ነው? ወሊድን ይጨምራል?
3. ባል ሥራውን ሲያጣ ሚስት በ29ኛው ሳምንት ላይ ብትሆን በአውሮፕላን ለመሄድ ስንት ቀን ይቀራታል? ባልና ሚስቱ በመጀመሪያው ሳምንት ምን ማድረግ አለባቸው?
4. ሥራ ማጣትን ወይም እርግዝናን የሚያስደብቀን ምንድን ነው? ያንን ፍርሃት በማኅበራችን እንዴት እናቅልል?

እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በእንግድነት ስትወልድ ማደሪያ አላገኘችም ነበር፤ በሰው አገር የምትወልዱትን ሁሉ በአማላጅነቷ ትጠብቃችሁ። እግዚአብሔር በሰላም ያገላግላችሁ፤ በማርያም ምሕረት ያውጣችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።